ንባብ ያለ ትርጓሜ፤ በጐንደር ደጋ ስለ ሞል ስሌት አስተማመር የቀረበ ሒስ

የጐንደር ስም በትምህርት ረገድ በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚታሰበው የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ነው። በዚያ ጉባኤ ተማሪው በመጀመሪያ ንባቡን ያደላድላል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ተቀምጦ የእያንዳንዱን ቃል ምሥጢር «አንድም» እያለ ይቀበላል። ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች በአተረጓጐም ይለያዩ እንጂ፥ ንባብ የትምህርት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ሁለቱም የተቀበሉት ነው። ይህን በጽሑፋችን መግቢያ ማንሣታችን ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት ለመጻፍ አስበን አይደለም። በዚያው አገር በሚገኙት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጠው የኬሚስትሪ ትምህርት፥ በተለይም ስለ ሞል ስሌትና ንጥረ ነገሮች ስለሚዋሐዱበት ጥምርታ አስተማመር ያለንን አስተያየት ለማቅረብ ነው። አስተያየታችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ የሞል ትምህርት ንባቡ ብቻ ተይዞ ትርጓሜው ተትቷል።

በቅድሚያ ነገሩን እናስረዳ። ሞል የሚለውን ስም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ ኬሚስትሪ ያስገባው ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው። በአገራችን በገንዘብ ፈንታ ሲዘዋወር ከኖረው ከአሞሌ ጨው ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል በተማሪዎች ዘንድ የጨዋታ ምክንያት ሆኗል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ሆኖም ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር ለመመለስ ለሚሻ ሰው፥ 585 ግራም የሚመዝን ንጹሕ የገበታ ጨው 10 ሞል ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱም የአንዱ ሞል ክብደት 58.5 ግራም ነው። ሞል ማለት የብዛት መጠሪያ ነው። ደርዘን ሲባል 12፥ ጥንድ ሲባል 2 እንደሆነ ሁሉ፥ ሞል ሲባል 6.02214076 በ10 ላይ 23 ጊዜ የተባዛው ግዙፍ ቍጥር ነው። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ሞል የሚተረጐመው በ12 ግራም ካርቦን 12 ውስጥ ባሉት አቶሞች ልክ ነበር፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን ቍጥሩ ራሱ ተቈርጦ ትርጓሜ ሆኗል። ይህም ማሻሻያ ሞል ከክብደት ስም ይልቅ የቍጥር ስም መሆኑን ለማንም ግልጽ አድርጎታል።

እንግዲህ ኬሚስቱ አቶምን በጣቱ ሊቈጥር ስለማይችል በሚዛን ይቈጥራል። ጤፍ የሚሸጥ ሰው ፍሬውን አንድ ሁለት ብሎ እንደማይቈጥር ሁሉ፥ ኬሚስቱም ይመዝናል፤ ከመዘነው ክብደትም ብዛቱን ያውቃል። የሞል ስሌት ምሥጢሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ በመመዘን መቍጠር።

ይህ ነገር ለመናገር ቀላል ይምሰል እንጂ በክፍል ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። እኛ ራሳችን በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለ፤ ክብደትን በላይ፥ የሞልን ብዛትና የአንዱን ሞል ክብደት በታች አደረገ፤ የሚፈለገውን በጣት ሸፍኖ የቀረውን ማካፈል ወይም ማባዛት እንደሚገባም አስተማረን። እኛም በዚህ ሦስት ማዕዘን ጥያቄዎችን ሁሉ እያገላበጥን ከፍ ያለ ማርክ አገኘን። አንድ ቀን ግን 25 ግራም የኖራ ድንጋይ ቢቃጠል ስንት ግራም ኖራ ይገኛል ተብሎ ተጠየቀ። ሁላችንም በአንድ አፍ 14 ግራም አልን፤ መልሱም ትክክል ነበር። ሌላ መምህር ለጕብኝት መጥቶ ኖሮ ከኋላ ሆኖ፥ «የቀረው 11 ግራም የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ጠፋ» አለ፤ ሌላው «ተቃጠለ» አለ፤ ከእኛ የሚበዙት ዝም አሉ። ያን ቀን ያፈርነው ዕፍረት ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ካነሣሡን ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አንሰውርም። ማርካችን ሙሉ ነበር፤ ዕውቀታችን ግን ባዶ ነበር።

የሚያሳዝነው ደግሞ የዚህ ጥያቄ መልስ ለጐንደር ልጅ በደጁ የቆመ መሆኑ ነው። የጐንደር ነገሥታት ግቢ፥ አፄ ፋሲል ከተማውን በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ከቈረቈሩ ጀምሮ የተሠሩት ግንቦች፥ ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ከህንድ የመጣ አንድ ሰው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ መኖሩን ለይቶ እንዳሳየ በዚያ ጊዜ የነበሩት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። የኖራው ሥራ ራሱ የሞል ትምህርት ምዕራፍ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በምድጃ ቢቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይ ኦክሳይድ የተባለ አየር ሆኖ ይወጣል። 56 ኪሎው ኖራ 18 ኪሎ ውኃ ሲጠጣ 74 ኪሎ የላመ ኖራ ይሆናል። ይህም በግንቡ ውስጥ ከገባ በኋላ በጊዜ ብዛት ከአየር ያንኑ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይ ኦክሳይድ መልሶ ይወስዳል፤ የጠጣውን 18 ኪሎ ውኃ ይለቃል፤ ተመልሶም 100 ኪሎ ድንጋይ ይሆናል።

እንግዲህ በምድጃው የወጣው 44 ኪሎ አልጠፋም፤ ልኩ ሳይጐድል ሳይጨምር በግንቡ ውስጥ ተመልሶ ገብቷል። «የት ሄደ?» ለሚለው ጥያቄ የፋሲል ግንብ መልስ ነበረ። መምህራችን ግን ከሰሌዳው በቀር ያሳየን ነገር አልነበረም፤ እኛም ከሦስት ማዕዘኑ በቀር የጠየቅነው አልነበረም።

ከዚህ ቀጥለን ስሕተቱ ምንና ምን እንደሆነ ለይተን እንመልከት። በእኛ አስተያየት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ቍጥርና ክብደት መደባለቃቸው ነው። ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ተዋሕደው ሁለት ውኃ ይሆናሉ የሚለውን እኵልታ ሲያይ፥ ብዙ ተማሪ 2 ግራም ሃይድሮጅን ከ1 ግራም ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል ብሎ ይገምታል። እውነቱ ግን 1 ግራም ሃይድሮጅን 8 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። ተማሪውን የሚያሳስተው በእኵልታው ላይ ከፊት የተጻፉት ቍጥሮች የሚናገሩት ስለ ብዛት ብቻ መሆኑ ስላልተነገረው ነው። ወይም ተነግሮት እንደ ሆነ በምሳሌ ስላልተገለጠለት ነው።

ምሳሌ ከተፈለገ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ከማንም የተሻለ ያውቀዋል። ለማረስ ሁለት በሬና አንድ ቀንበር ያስፈልጋል፤ ተገናኝተው አንድ ጥማድ ይሆናሉ። ይህ የታወቀ ጥምርታ ነው፤ ሁለት ለአንድ። ነገር ግን «ሁለት ኪሎ በሬ ለአንድ ኪሎ ቀንበር» የሚል ገበሬ ከቶ አይገኝም። በሬውና ቀንበሩ በቍጥር ይጠማመዳሉ፤ ክብደታቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ስድስት በሬና አራት ቀንበር ያለው ሰው ስንት ጥማድ ያወጣል ቢባል፥ ፊደል ያልቈጠረው እረኛ ሳይቀር «ሦስት ጥማድ፤ አንድ ቀንበር ይተርፋል» ብሎ ይመልሳል። ቀንበሩ በቍጥር ያነሰ ነው፤ አስቀድሞ ያለቀው ግን በሬው ነው። አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች መቀናጆ የሚገቡት ይህንኑ ጥምርታ ለመሙላት አይደለምን?

አሁን ይህን ልጅ ወደ ክፍል እናስገባውና 56 ግራም ብረትና 36 ግራም ዲን አንድ ላይ ቢሞቁ የትኛው አስቀድሞ ያልቃል ብለን እንጠይቀው። «ዲኑ፤ ምክንያቱም ያነሰ ነው» ይላል። የአንድ ሞል ብረት ክብደት 56 ግራም፥ የአንድ ሞል ዲን 32 ግራም ስለሆነና አንድ ለአንድ ስለሚዋሐዱ፥ የሚያልቀው ብረቱ ነው፤ 88 ግራም ውሁድ ይገኛል፤ 4 ግራም ዲን ይተርፋል። በእርሻው ላይ የማይሳሳተው ልጅ በክፍል ውስጥ የተሳሳተው አእምሮ ስላነሰው አይደለም። ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ ስላደረግነው ነው። በዚያ ላይ ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፥ «ቀድሞ የሚያልቀው» በሚባል ቀላል ነገር ፈንታ የባዕድ ስም ይሸመድዳል፤ ስሙን ማወቅ ነገሩን እንደ ማወቅ ይቈጠርለታል።

ቍጥርና ክብደትን መለየት ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለሊቃውንትም ከባድ እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል። ንጥረ ነገሮች በተወሰነ ክብደት እንደሚዋሐዱ የጀርመኑ ዬሬሚያስ ሪኽተር ከ1792 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስታውቆ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ዶልተን ግን የውኃ ቅንጣት አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ብቻ ያለው መስሎት ስለነበረ የኦክስጅንን የአቶም ክብደት ከግማሽ ባነሰ ልክ ገመተው። ሚዛኑ ይህን ያህል አላሳሳተውም፤ ያሳሳተው ቍጥሩ ነው። ኢጣሊያዊው አቮጋድሮ በ1811 የችግሩን ቍልፍ ሰጠ፤ ቍልፉ ግን ተቀባይ ያገኘው የአገሩ ሰው ካኒዛሮ በ1860 በካርልስሩኸ በተደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ ካስረዳ በኋላ ነው። እነዚያ ሊቃውንት ግማሽ ምእት ዓመት የፈጀባቸውን ነገር አንድ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ፥ ያለ ሚዛንና ያለ ምሳሌ፥ ከሰሌዳ ላይ ገልብጦ እንዲረዳው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከፊተኛው ይልቅ የደጋውን ልጅ የሚጐዳ ነው። ይኸውም 22.4 ሊትር የሚባለው ቍጥር ነው። አንድ ሞል አየር 22.4 ሊትር ይይዛል ተብሎ ተማሪው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። ቍጥሩ እውነት የሚሆነው ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ሲሆንና ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ያለው፥ ማለት 101.3 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ነው። መጻሕፍቱ ይህን ይጽፋሉ፤ በክፍል ግን ቍጥሩ ብቻ ይቀራል። ጐንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ግፊቷም 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን በጐንደር አንድ ሞል አየር የሚይዘው 31 ሊትር ያህል ነው። 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደባርቅ፥ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ብቻ ቢሆንም እንኳ፥ ከ33 ሊትር ይበልጣል። እናቶቻችን በጐንደር ውኃ ቶሎ ፈልቶ ባቄላው ግን ቶሎ አለመብሰሉን ያውቃሉ፤ ውኃው የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነውና። የባቄላው ድስትና የሞሉ ሊትር ምክንያታቸው አንድ ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን ይህን የሚነግረን አላገኘንም።

ይህ እንደ ጥቃቅን ነገር እንዳይታይብን አንድ ሥራ እናስብ። አንድ ተማሪ 0.243 ግራም ማግኒዝየም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ጨምሮ የሚወጣውን ሃይድሮጅን በውኃ ላይ በተገለበጠ ብልቃጥ ቢሰበስብ፥ የመቶኛ ሞል ሃይድሮጅን ያገኛል። በቃሉ የያዘው ቍጥር 224 ሚሊ ሊትር ይለዋል። በጐንደር በ20 ዲግሪ ሙቀት ቢለካው ግን ከ310 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ያያል። ተማሪው ምን ያደርጋል? መጽሐፉን ስለሚፈራ በደብተሩ ላይ 224 ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ የተበላሸው አንድ ስሌት ብቻ አይደለም። በዓይኑ ያየውን ክዶ የተጻፈውን መድገም ተምሯል፤ ይህም የሳይንስ ትምህርት ተቃራኒ ነው። እጁ እውነት ሠርቶ ነበር፤ እኛ ሐሰተኛ አደረግነው። ተራራው ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ የባሕር ጠረፍን ቍጥር ያለ ትርጓሜ ወደ ሰሜን ተራራ ማውጣት ነው።

በዚህ ሒሳችን ላይ የሚቀርበውን መቃወሚያ እናውቃለን። መምህራን፥ «ክፍሉ ተማሪ የበዛበት ነው፤ ቤተ ሙከራውም ባዶ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ስለሆነ ፍጥነት እንጂ ማብራሪያ አይጠይቅም» ይሉናል። በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገሩ ላይ የወረደው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ የተከፈቱትንም ጊዜ አሳጥሯል። ጊዜ ያጠረው መምህር ሦስት ማዕዘኑን ቢመርጥ አንፈርድበትም። ነገር ግን መንገዱ አቋራጭ መሆኑ እውነት አይደለም እንላለን። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቋል። ይህን ሁሉ በሞል ላይ ማሳበብ አይቻልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ቢሆንም ንባብ ብቻ ይዞ መፈተን ለፈተናም ቢሆን እንዳልበቃ ለማሳየት የሚያንስ ማስረጃ አይደለም።

ሌላም መቃወሚያ አለ፤ «የእኛ ተማሪ መሸምደድን ከቄስ ትምህርት ቤት የወረሰው ነው» የሚል። ይህን ከቶ አንቀበለውም። የቄስ ትምህርት ቤት ንባብን ያስሸመድዳል፤ ጉባኤው ግን ትርጓሜ ይጠይቃል። አስቀድመን እንዳልነው፥ በጐንደር ሊቅ የሚባለው ንባቡን ያወቀ ሳይሆን የተረጐመ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ከአሮጌው የወሰደው ግማሹን ብቻ ነው፤ የተወውን ግማሽ ደግሞ በአሮጌው ላይ ማሳበብ ተገቢ አይደለም።

ነቅፈን ብቻ እንዳንቀር በበኩላችን ሊሠራ ይችላል የምንለውን እናቅርብ። በመጀመሪያ ቀመሩ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለገብስና ለባቄላ ይሰጥ። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል እያንዳንዱ 20 ፍሬ ገብስና 20 ፍሬ ባቄላ ቢቈጥር 1,000 ገብስና 1,000 ባቄላ በጥቂት ደቂቃ ይገኛል። የተማሪው መብዛት በዚህ ጊዜ ችግር መሆኑ ቀርቶ ረድኤት ይሆናል። ሁለቱ በሱቅ ሚዛን፥ ቢቻልም በብር ሠሪ ሚዛን ይመዘኑ። ከዚያም መምህሩ ያልተቈጠረ ገብስ መዝኖ፥ «ይህ ስንት ፍሬ ነው? ለዚህ አንድ ለአንድ የሚሆን ባቄላ ስንት ግራም ልመዝን?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪው ይህን የመለሰ ጊዜ የሞልን ስሌት ሠርቷል፤ የቀረው ስሙን መንገር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፥ የጥማዱ ምሳሌ ከእኵልታው በፊት ይቅረብ፤ የሚተረጐመውም በአማርኛ ይሁን። የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ የትርጓሜው ቋንቋ አማርኛ እንዳይሆን አይከለክልም።

ሦስተኛ፥ 22.4 ከነሁኔታው ይነገር፤ የየከተማውም ቍጥር በተማሪዎቹ እጅ ይሰላ። የጐንደር ልጅ 31ን፥ የደባርቅ ልጅ 33ን ራሱ ቢያገኝ፥ ቍጥር ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን የሁኔታ ውጤት መሆኑን ይረዳል። በዓለም ላይም ቢሆን ዛሬ የመመዘኛው ግፊት 100 ኪሎ ፓስካል ሆኖ 22.7 ሊትር የሚቈጠርበት ልማድ ስላለ፥ አሮጌው ቍጥር እንደ ዶግማ የሚያዝበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፥ መምህሩ ከእያንዳንዱ ስሌት በኋላ ቀመር የማይመልሰውን አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ «የቀረው የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ቤተ ሙከራ አይፈልግም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

እኛ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ሆነን ይህን ስንጽፍ፥ ከመካከላችን ነገ መምህር ሆነው ወደ ዳባት፥ ወደ ደባርቅና ወደ ጐንደር የሚሄዱ እንዳሉ እናስባለን። ሦስት ማዕዘኑን ይዘን ብንሄድ እኛን የገጠመን ዕፍረት ለሌሎች እናወርሳለን። ክቡራን መምህራኖቻችንም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትነው ቢኖር እንዲያርሙን፥ የተስማሙበት ቢኖር በክፍላቸው እንዲሞክሩት በትሕትና እንለምናለን። ከእንግዲህ ወዲያ ማንም ተማሪ በፋሲል ግንብ ሥር ተቀምጦ 14 ግራም የሚለውን መልስ ሲጽፍ፥ ስለ 11ዱ ግራም ቢጠየቅ ዘወር ብሎ ግንቡን የሚያሳይ ይሁን።